የመይሙና ሁለት ድስት

የመይሙናን ጭልፋ የነካ ሰው ወዮለት። አጠገቧ ያለውን ፍልጥ አንስታ ታባርረዋለች፤ ሰውየው ሽማግሌ ከሆነ ደግሞ ፍልጡን ትታ በምላሷ ትገርፈዋለች። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል፣ ጣሊያን አውሮፕላኑን ከሚያሳርፍበት ሜዳ ጥግ፣ አንድ ሸራ ቤት ነበር። ለወታደሩ ድንኳን፣ ለካሚዮኑ ልባስ የሚሰፋበት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ሰፊ መጋዘን ነው። መይሙና የዚያ ቤት ወጥ ሠሪ ነበረች፤ ሥራዋንም የምትይዘው እንደ ሹመት ነበር።

አገሯ ወሎ፣ ወረሂመኖ ነው። ባሏ የሲራራ ነጋዴ ነበርና አዲስ አበባ አምጥቶ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አስቀመጣት፤ ብዙም ሳይቆይ እሱን ወባ ወሰደውና እሷ ቀረች። ልጅ አልነበራትም። ያላት አንድ ክፍል ቤት፣ ከሩቅ የሚሰማ ድምፅና ከእናቷ የወረሰችው አንድ ሙያ ነበር። የእናቷ ወንድም ክርስቲያን፣ የአባቷ አባት ሼህ ነበሩ፤ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር እናቷ ሁለት ድስት ትጥዳለች፤ አንዱን ለእስላሙ፣ አንዱን ለክርስቲያኑ። ሁለቱ ጭልፋዎች ተነካክተው አያውቁም። ማንም ከማንም ቤት ተራብኩ ብሎ አልወጣም፤ ማንም ደግሞ ሃይማኖቱን አስነኩኝ ብሎ አልከሰሰም።

ሸራ ቤቱ ግን እንዲህ አልነበረም። ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ክረምት ሠራተኛውን ከየሰፈሩ ለቅሞ ሰበሰበው፤ አማራው፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ሸራ ዙሪያ ተቀምጦ ይሰፋል። መርፌ ይዋዋሳሉ እንጂ ምሳ ሲደርስ ጀርባና ጀርባ ይሰጣጣሉ። ካቦው፣ የሥራው አለቃ የሆነ ቀይ አንገት ጣሊያን፣ በሠራተኛው መክሳት ተናዶ አንድ ቀን በሬ አስጣለና በአንድ በርሜል አስቀቀለው። ክርስቲያኑ እስላም አርዶት ይሆናል ብሎ ተወው፤ እስላሙም ክርስቲያን አርዶት ይሆናል ብሎ ተወው። ያ ሁሉ ሥጋ እስኪሸት ቆመ። ካቦው እየተሳደበ ሲንጎራደድ ነው እንግዲህ አንድ ሰው የመይሙናን ስም ያነሳለት።

መጣችና ሁለት ድስት ጣደች። ሁለት ጭልፋ፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት የውኃ እንስራ አስገዛች። ለእስላሞቹ ከሰፊዎቹ አንዱ፣ ነስሩ የሚባለው ጉራጌ፣ ቢስሚላሂ ብሎ ያርዳል፤ ለክርስቲያኖቹ ኃይለመለኮት በስመ አብ ብለው ያርዳሉ። አቶ ኃይለመለኮት የሰፊዎቹ ሁሉ አንጋፋ ናቸው፤ በንጉሡ ጊዜ የግቢ ድንኳን ሰፊ ነበሩ። ጾም የሚያጠብቁ፣ ሳቅ የማያበዙ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ወደ ድስቶቹ መጥተው ጎንበስ አሉና የክርስቲያኑን ጭልፋ አንስተው አሸተቱት።

«አሽተው ሲጨርሱ ይመልሱልኝ፤ ወጡ እያረረ ነው» አለቻቸው መይሙና።

ሰፊው ሁሉ ከመርፌው ቀና አለ። ሽማግሌው ግን ሳቁ። ሳቃቸውን ከዚያ በፊት የሰማ አልነበረም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ማዕድ ሲቀርብ እሳቸው ይባርካሉ፣ ነስሩ ቀጥሎ ዱዓ ያደርጋል፤ ለሁለቱም ሁሉም አሜን ይላል። ጀርባ መሰጣጣቱ ቀረ። የሜታው ልጅ ሚደቅሳ፣ አፉ የማያርፈው፣ አንዱን ወገን በሌላው ያላግጣል፤ ማንም አይቆጣውም። ረመዳን በገባ ጊዜ ክርስቲያኖቹ የሚከብደውን የሸራ ጥቅል ሁሉ ራሳቸው ተሸከሙ። እንዲህ አድርጉ ያላቸው አልነበረም። መይሙና ይህን ከምድጃዋ ሥር ሆና ስታይ ደስ ይላት ነበር፤ ደስታዋን የምትገልጸው ግን ሁሉንም በእኩል በመሳደብ ነው።

ከዚያ የካቲት መጣ።

በየካቲት አዲስ አበባ የሆነውን መዘርዘር አልፈልግም። ቤት ከነሰዉ ነደደ፤ ሰው በአካፋና በጥይት አለቀ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት የልደታ ውሾች ወፍረው ነበር፤ ሰው እያያቸው ዓይኑን ያዞራል። በሸራ ቤቱ ውስጥም አንዳንድ ቦታዎች ባዶ ቀሩ፤ ለምን እንደቀሩ የጠየቀ የለም። ካቦው ድንኳን በቶሎ ድንኳን በቶሎ ይላል። ደጉ የሚባለው አዲሱ አስተርጓሚ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው፣ በሰፊዎቹ መካከል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይመላለሳል። ልጅ ሆኖ የድቁና ትምህርት ጀምሮ ነበር ይባላል። ፈረንጁ የማያውቀውን ሁሉ እሱ ያውቃል፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

መይሙና ጎረቤቷ የነበሩትን እመት ሀረገወይንን በዚያ በየካቲቱ እሳት አጣች። ልጃቸው ጋሻው ግን ተረፈ፤ በጓሮዋ፣ ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ተኮራምቶ አገኘችው። ጋሻው ፈረንሳይኛ የተማረ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረ ወጣት ነው፤ የተማረ እየተፈለገ በሚገደልበት ጊዜ ስሙ ተጠርቶ እየተፈለገ ነበር። ከተያዘ ይሰቅሉታል። ያስጠጋውም ሰው አይተርፍም። መይሙና ይህን ስታስብ አላደረችም፤ ማተቡን በቢላዋዋ በጠሰችው፣ የባሏን ኮፍያ ጫነችበት፣ ስሙንም ይማም አለችው። ካቦው ዘንድ ወስዳ «የእህቴ ልጅ ነው፣ ከወሎ የመጣ» አለች። ጣሊያን ያን ሰሞን እስላሞቹን አትንኩ የሚል ትእዛዝ ነበረውና ሰው የጎደለበት ካቦ ደስ ብሎት ተቀበለው።

ሰፊዎቹ በመጀመሪያው ቀን አወቁት። የልደታ ደወል ሲደወል እጁ ወደ ግንባሩ ተነስቶ መንገድ ላይ ቀረ። ነስሩ አይቶ መርፌውን ማጥለቅ ቀጠለ። ኃይለመለኮትም አይተው ሸራውን ወደ እሱ ገፋ አደረጉለትና «በዚህ በኩል ያዝልኝ፣ ይማም» አሉት። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ይማም አለው።

ግን ሁዳዴ ገባ። ክርስቲያኖቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም፤ ከዘጠኝ በኋላ ሽሮአቸውን ይበላሉ። እስላሞቹ ስድስት ሰዓት ላይ ሥጋቸውን ይበላሉ። ይማም የሚቀመጠው ከእነሱ ጋር ነው። በመጀመሪያው ሰኞ መይሙና ገለል አድርጋ ሥጋውን ይበላ እንደሆነ ጠየቀችው፤ እሱም እንባው በዓይኑ ሞልቶ «የእናቴ አርባ እስኪወጣ ሥጋ አልበላም፤ ተስያለሁ። ሌላ ያልሽኝን ሁሉ አደርጋለሁ» አላት።

ሌላ ሰው ቢሆን ብላና ነፍስህን አትርፍ ባለው ነበር። ትክክል ነበር፤ እኔም እንደዚያ እል ነበር። መይሙና ግን በእሷ ጭልፋ ሥር ማንም የማያምንበትን በልቶ አያውቅም። ስለዚህ በየቀኑ በእስላሞቹ ማዕድ ላይ ሳህኑን ስትሰጠው፣ ፊቷን አዙራ፣ ከሽሮው ድስት ቀድታ፣ በእንጀራ ሸፍና ታቀብለዋለች። ነስሩና ጓደኞቹ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ከውጭ የሚያይ ሰው ሳህኑን እንዳያይ። እጇ ይህንን ለመደው። ወደ ይማም ስትዞር ማሰብ እንኳ ሳያስፈልጋት እጇ ራሱ ወደ ሽሮው ይሄዳል። በመልመዷም ኩራት ነበራት።

ደጉ ወደ ምድጃዋ መምጣት አበዛ። አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጦ በደረቅ ጭራሮ መሬቱን እየጫረ፣

«ይማም ሆዱን ያመዋል እንዴ?» አላት።

«ምን አገኘው ይልሃል?»

«ከሥጋው ድስት ስትጨልፊለት አላየሁማ።»

«አንተ የሰው ጉሮሮ ቆጣሪ ሆነህ ነው የተቀጠርከው?» ብላ ተነሳችበት፤ ፍልጡንም አነሳች። ደጉ እየሳቀ ሄደ።

ነገሩ የመጣው በመጋቢት፣ በስድስት ሰዓት ነው። ካቦው፣ ደጉ፣ ሁለት ካራቢኔሪ፣ የጣሊያን ፖሊሶች፣ ከነጠመንጃቸው ገቡ። መርፌው ሁሉ ቆመ። ደጉ ወደ መሐል ወጣና በዚያው ለስላሳ ድምፁ፣ የሀረገወይን ልጅ በልደታ በአንድ የሥራ ቦታ የእስላም ልብስ ለብሶ ተቀምጧል የሚል ወሬ እንደደረሳቸው፣ ካቦው ግን ሠራተኛውን እንደማይጠረጥር፣ ስለዚህ ዛሬ ሁሉም በእንግዶቹ ፊት አንድ ላይ እንዲበላ መፈለጉን ተናገረ።

«ሁሉም ይሰለፍ። ክርስቲያኑም ጭምር። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት የለም፤ እስላሙ እንደ ወጉ ሥጋውን፣ ክርስቲያኑ እንደ ወጉ ሽሮውን» አለ። ቀጥሎም ወደ መይሙና ዞሮ፣ «ጨልፊ እንግዲህ» አላት።

ሰልፉ ሲያዝ ጋሻው በነስሩና በኃይለመለኮት መካከል ገባ። መይሙና ቀና ብላ አየችው። ልጁ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ግን ዓይኑን በዓይኗ ላይ አሳርፎ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ስጪኝ፣ እበላለሁ ማለቱ ነው። ስለቱን ሊያፈርስ ቆርጧል። አላህ ይመስገን አለች በልቧ፤ ዛሬን ካለፍን ነገ ሌላ ዘዴ እንፈጥራለን።

ለመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ሽሮ ቀዳች። ጾማቸውን በሰዓቱ ሳይሆን የሚገድፉ ናቸውና አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉ። ለነስሩ ሥጋ ቀዳች። ጋሻው ሳህኑን ዘረጋ። እሷም ቀዳችለት።

ሽሮ ነበር።

ያየችው ወጡ እንጀራው ላይ ከፈሰሰ በኋላ ነው። እጇ የለመደውን አደረገ። ያች ማንንም አስነክታ የማታውቅ፣ ሁለት ድስት ሳታምታታ የኖረች እጇ፣ በዚያች በአንዲት ቀን መሳት ሲገባት አልሳተችም።

«ይማም» አለ ደጉ፣ በፈገግታ። «ሽሮ?»

ከካራቢኔሪዎቹ አንዱ የጠመንጃውን ማንገቻ ከትከሻው ላይ አወረደ።

ከጋሻው ቀጥለው የቆሙት ኃይለመለኮት ነበሩ። ሳህናቸውን አሻግረው ከሥጋው ድስት በላይ ዘረጉ።

«ለእኔ ከዚህኛው» አሉ።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ…»

«ዓይን አለኝ። ርቦኛል። ቅጂ።»

አልቻለችም። ጭልፋውን ይዛ ቆማ ቀረች። ሽማግሌው ጭልፋውን ከእጇ ወሰዱት፤ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ጭልፋዋን የነካን ሰው ዝም አለች። ነስሩ ካረደው ሥጋ አንድ ሙዳ በእንጀራ ጠቅልለው፣ በሁዳዴ፣ በስድስት ሰዓት፣ በሰው ሁሉ ፊት ጎረሱ። አኝከው ዋጡ።

ከዚያ ወዲያ ሰልፉ ፈረሰ። ሚደቅሳ «ለእኔም ሥጋ! ዛሬማ ካቦው ጋብዞናል» ብሎ ሳህኑን ዘረጋ። ነስሩ ተመልሶ መጥቶ ሥጋው ላይ ሽሮ ደፋበት፤ ከጓደኞቹም ሁለቱ ሥጋውን ትተው ሽሮ ቀዱ። ክርስቲያኑ ከእስላሙ ድስት፣ እስላሙ ከክርስቲያኑ ድስት ያገላብጠው ጀመር፤ ማን ከየትኛው ድስት እንደሚበላ አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው። ካቦው ይህን አይቶ በሳቅ ፈነዳ። የተራቡ ሠራተኞች ወጥ ሲሻሙ እንጂ ሌላ ነገር አልታየውም፤ እጁን አወናጭፎ ወደ ሥራቸው ይመለሱ አለና ወደ መኪናው መራመድ ጀመረ።

ደጉ አልሳቀም። ይማምን አየ፤ ሳህኑ ላይ ሽሮ አለ፣ ግን አሁን የነስሩም ሳህን ላይ ሽሮ አለ። ካቦው እስላም ሰፊዎቹን በሽሮ ምክንያት አሳልፎ እንደማይሰጥ ያውቃል። ስለዚህ ዓይኑን ከልጁ ላይ አንስቶ በሽማግሌው ላይ አሳረፈ። በጣሊያንኛ ጥቂት ቃል ተናገረ። ካራቢኔሪዎቹ ኃይለመለኮትን በግራና በቀኝ ያዟቸው፤ ሳህናቸው ወደቀ፣ ሥጋውም በቦቲ ጫማ ሥር ተጨፈለቀ።

«ኃይለመለኮት በሁዳዴ ሥጋ ለራሱ ብሎ አይበላም» አለ ደጉ፣ በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ለማን ብሎ እንደበላ ይነግረናል።»

ሲወስዷቸው ሽማግሌው ወደ ኋላ አልዞሩም። ጋሻው እግሩን ሲያነሳ መይሙና ልብሱን ጨምድዳ ያዘችው። «እኔ ነኝ ልበላቸው፤ ልቀቂኝ» አላት በሹክሹክታ።

«ቁጭ በል! ሰውየው የዋጡትን ከንቱ ልታደርግባቸው ነው?» አለችው። እጁን እስኪያመው ጠመዘዘችው። ልጁ ተቀመጠና ሸራው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ ነስሩ ሰው እንዳያይበት ድንኳን አለበሰው።

በዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚደቅሳ ጋሻውን በአውሮፕላን ሜዳው ጀርባ አድርጎ ወደ ዘመዶቹ፣ ወደ ሜታ አሻገረው። ደጉ በማግስቱ መጥቶ ይማም የት ሄደ ብሎ መይሙናን ጠየቃት፤ እናቱ ሞታ ወደ አገሩ ሄደ አለችው። በጥፊ መታት። ሌላ የሚያደርገውን አጣ፤ ኃይለመለኮት አልተናገሩለትማ። መናገር ቢፈልጉ ኖሮ በዚያኑ ዕለት ማታ ሸራ ቤቱ ባዶ በቀረ ነበር። እየቆየ ግን በሩ በተንኳኳ ቁጥር መይሙና ከመቀመጫዋ ትነሳ ነበር። ምሳ አሁንም በሁለት ድስት ይሠራል። የሚባርክ ሽማግሌ የለም፤ ነስሩም ብቻውን ዱዓ ማድረግ እምቢ አለው። ሰፊዎቹ እንደ መጀመሪያው ጊዜ ዝም ብለው ይበላሉ፤ ጀርባ ግን አይሰጣጡም።

ሽማግሌው አልተመለሱም። ለሚስታቸው ለእመት ፀዳለ አስከሬን አልተሰጣቸውም፤ ሞተ የሚል ቃል ብቻ ደረሳቸው። ከመርዶው በፊት ግን የሰው ወሬ ደርሷቸው ነበር። ኃይለመለኮት በሁዳዴ የእስላም ሥጋ በላ፤ ሰለመ፤ ለሆዱ ሃይማኖቱን ሸጠ። ለዚህ ሰው ፍትሐት አይደረግም አሉ ካህናቱ። ለቅሶ የደረሳቸው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። መይሙና ይህን ሰምታ ልትሄድ ተነሳች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ምን ብላ ትግባ? እኔ በእጄ ሽሮ ባልቀዳ ባለቤትዎ ዛሬ በሕይወት ነበሩ ትበል?

እመት ፀዳለ ራሳቸው መጡ። በጠራራ ፀሐይ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከልደታ እስከ ጠመንጃ ያዥ በእግራቸው። መይሙና በሩ ላይ ስታያቸው መቀመጫ አቀረበች፤ አልተቀመጡም።

«ያበላሽው አንቺ ነሽ?» አሉ።

«እኔ ነኝ እሜቴ።»

«ሥጋ ነው?»

«ሥጋ ነው።»

«እስላም ያረደው?»

«አዎን እሜቴ። ለምን እንደበሉ ልንገርዎት…»

«እንዳትነግሪኝ!» አሉ እጃቸውን አንስተው። «ምላሴን አላምነውም። ባሌን ከሃዲ እያሉ ሲሰድቡብኝ አንድ ቀን ጮኼ አወጣዋለሁ፤ የሚያስደብቀው ነገር ያለ እንደሆነ እሱም ከንቱ ይቀራል። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ኖሬያለሁ። ለሆዱ ብሎ አልበላም። ይህን አውቃለሁ፣ ይበቃኛል።»

እመት ፀዳለ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ከማለዳ ጀምሮ እህል ሳይቀምስ ነው ከቤት የወጣው። ከዚያ በኋላ ደግሞ እነዚያ ምን ሰጥተውት ይሆናል? ሲወስዱት ጠግቦ ነበር?»

መይሙና ያየችው አንዲት ጉርሻ ነው። የቀረው በቦቲ ጫማ ሥር ነበር።

«ጠግበው ነበር እሜቴ» አለች። «ጨምሪልኝ ብለው፣ ጨምሬላቸው፣ ጠግበው ነው የሄዱት።»

እመት ፀዳለ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ጎንበስ አሉና የመይሙናን ቀኝ እጅ፣ ያንን ሽሮ የቀዳውን፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት።

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አሏት።

አሜን ማለት ነበረባት። አፏ እምቢ አላት፤ ሴትዮዋም እጇን ገና አልለቀቁትም ነበር።